የሠርካለም ጥገናና የበጎ ፈቃደኞቹ ጉባኤ

ሠርካለም ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ ፎቶ ኮፒም ታነሳለች። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ለዐይነ ስውራን አማርኛ ጮክ ብሎ የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም ከሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ጋር በኢንተርኔት ትሠራ ነበር። ባሏ ባርናባስ ዐይነ ስውር የታሪክ መምህር ነው፤ ትምህርቱን የሚያዘጋጀው በዚሁ ፕሮግራም ነው።

ፕሮግራሙ የግእዝ ቁጥር ሲያጋጥመው ቀጥ ይላል። እሷ አስተካክላ በባሏ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ጫነች፤ ለቡድኑም ላከች። ወደ ዋናው ፕሮግራም ማስገባት የሚችለው ግን መሥራቹ አቶ ይግዛው ብቻ ነው። እሱ ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳይጽፍ "በጋራ ስንወስን" ይላል። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አዲስ እትም በተቀበለ ቁጥር የሷ ጥገና ይጠፋል፤ ባርናባስም ሳይዘጋጅ ተማሪ ፊት ይቆማል። ርእሰ መምህሩ "እንዲህ ከቀጠለ ከክፍል አወጣሃለሁ" ብሎታል።

ሌሎቹ አባላት በስልክ "እውነትሽን ነው" ይሏታል። ቡድኑ ፊት ግን ጭጭ። ይሉኝታ ነው ይላሉ፤ እኔ ፍርሃት ነው የምለው።

በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ ጉባኤያቸውን እዚሁ ደባርቅ፣ እኔ በማስተናግድበት ሆቴል አደረጉ። ለሥራ እንዳይመስላችሁ፤ ስሜንን ለማየት ነው። ባርናባስ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከጧት ጀምሮ ተቀምጧል። ዓርማችን ዋልያ ይሁን ጭላዳ እያሉ እስከ ምሳ ተከራከሩ። ጥሬ ሥጋቸውን በሉና ደግሞ ዋልያው ወደ ግራ ይይ ወደ ቀኝ ብለው ተነታረኩ። ሳህኑን ፊታቸው ላይ ብወረውረው ደስ ባለኝ።

የሠርካለም ጥገና ተራው ሲደርስ ይግዛው ሰዓቱን አየ። "መኪናው ሊማሊሞን ሊያሳየን ቆሟል። የቀረው አጀንዳ ለከርሞ ይደር። የሚቃወም አለ?"

እነዚያ "እውነትሽን ነው" ባዮች ጥርሳቸውን በስንጥር ይጎረጉራሉ።

"እኔ አለሁ" አለ ባርናባስ፣ ብድግ ብሎ።

"መምህር፣ እርስዎ እኮ አባል አይደሉም" አለው ይግዛው።

ሠርካለም ባሏን ክንዱን ይዛ ወጣች። ፕሮግራሙን ማንም ገልብጦ በራሱ ስም ማውጣት ይችላል፤ እስከዚያ ቀን ያላደረገችው ነውር መስሏት ነው። በሳምንቱ ገልብጣ፣ ጥገናዋን አስገብታ ለሁሉም ለቀቀችው። ትምህርት ቤቱም የሷን ጫነ፤ ባርናባስ ከክፍሉ አልወጣም።

ወሩ ሳይሞላ ከዝምተኞቹ አንዱ ደወለላት። "እኅቴ፣ በሐሳብ እኮ ካንቺ ጋር ነበርን። የኛንም ስም አስገቢልን እንጂ።"

አልነፈገቻቸውም። አሁን ፕሮግራሙ ሲከፈት ጮክ ብሎ "በዝምታ የተባበሩ" ይልና ስማቸውን አንድ በአንድ ይጠራል።