ጋሽ ተክለሃይማኖት ዓይናቸውን የገለጡ ዕለት

ሊሚ ሽሮ ሜዳ ላይ ፎቶ ቤት ስትከፍት የነበራት ያገለገለ ካሜራ፣ አንድ ወንበርና ትልቅ መስኮት ብቻ ነበር። መስኮቱ ላይ ከሰፈሩ ገበያ የገዛችውን ነጠላ ወጥራ ሰቀለችበት፤ ፀሐይ በዚያ አልፋ ስትገባ ለስለስ ብላ ፊት ላይ ታርፋለች። ሥራዋ ያምር ነበር፤ እሷ ግን ታፍርበታለች። ፎቶ ቤት ማለት ፍላሽ ነው፣ የመብራት ጃንጥላ ነው ብላ ስለምታምን፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር "መሣሪያው እየመጣ ነው" ትላለች። ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት እትዬ ኢትዮጵያ ባላቸውን እየጎተቱ ገቡ። ባልየው ጋሽ ተክለሃይማኖት የሰፈሩ ሸማኔ ናቸው፤ ሰባን አልፈዋል።

"ልጄ፣ የዚህን ሰውዬ ዓይን አስገልጠሽ አንሺልኝ" አሉ እትዬ። "የሠርጋችን ፎቶ ላይ ጨፍኗል፣ የልጃችን ምርቃት ላይ ጨፍኗል፣ ዘንድሮ ለፋሲካም ጨፍኗል። ነገ አንድ ነገር ቢሆን ድንኳን ውስጥ የምናስቀምጠው ፎቶ የለንም። ሲሞት የሚጨፍነው አይበቃውም?"

"ብልጭ ሲል እኮ ነው" አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት አንገታቸውን ደፍተው።

ሰውየው መድኃኒቱን በገዛ አፋቸው ነገሯት። ሊሚ ግን እንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይማ በነጠላና በመስኮት አይሆንም ብላ አዲሱ ገበያ ላለው ጓደኛዋ ለሶሬሳ ደወለች። ሶሬሳ ሠርግ ያነሣል፤ ሁለት ፍላሽ ከነጃንጥላው ይዞላት ከች አለ። ክፍሏ ወግ ደረሳት። ሠላሳ ጊዜ ብልጭ አለ፤ ጋሽ ተክለሃይማኖትም ሠላሳ ጊዜ ጨፈኑ።

"በቃ፣ እንዲህ አድርጎ ፈጥሮኛል" አሉ። ከልባቸው አዝነው ነበር። እትዬ ኢትዮጵያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሊሚ መብራቱን ሁሉ አጠፋች። በመስኮቱ ብርሃን ብትሞክርም ሽማግሌው ብልጭታውን እየጠበቁ መጨፈናቸውን አልተዉም።

"ይነሡ ጋሼ፣ ትንሽ ይረፉ" አለቻቸው።

ተነሥተው ወደ በሩ ሲያመሩ መስኮቱ ጋ ቆሙ። ፀሐይ በነጠላው ውስጥ እያለፈች ድርና ማጉን ለይታ ታሳያለች። ቀረብ ብለው ጥለቱን በጣታቸው ተከተሉት።

"ይሄን ማን ሠራው?" አሉ ለራሳቸው። "እጁ ጥሩ ነው። እዚህች ጋ ግን ቸኩሏል።"

ዓይናቸው ወለል ብሎ ተገለጠ። ሊሚ ከጎናቸው ሆና አየችው። ጥርት ያለ፣ ክርን ከክር የሚመዝን፣ በዚህ ዕድሜም መገረም ያልሰለቸው ዓይን ነው። ጌታዬ፣ ይሄ ሁሉ የት ተደብቆ ኖረ አለች በልቧ። ካሜራውን አንሥታ አንዴ ብቻ ተጫነች፤ እሳቸው አልሰሙም።

ፎቶውን ስታሳያቸው እትዬ ኢትዮጵያ ካሜራውን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ሶሬሳ እንኳ ጃንጥላውን ማጣጠፉን ትቶ አንገቱን አስግጎ ያያል።

"ተክሌ፣ ስትሸምን እንዲህ ነው የምትሆነው?" አሉ እትዬ።

"እኔ ምን አውቄ።"

"አርባ ዓመት ሙሉ ከጀርባህ ተቀምጬ ፈተልኩ" አሉ፤ እንባቸው ወረደ። "ከነገ ጀምሮ ፊት ለፊትህ ነው የምቀመጠው።"