ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ

ሽታዬ አዘዞ ከሚገኙት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ፣ ካርድ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ታማሚው በመስኮቱ ብቅ ብሎ ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ እጇ መደርደሪያው ላይ ይደርሳል። «ሽታዬ ካለች ካርድ አይጠፋም» ይባልላት ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ክፍሉ ኮምፒውተር ገባለት፤ የታማሚዎቹ ስም ከየካርዱ እየተነበበ ተመዘገበበት፤ ከዚያ በኋላ ካርድ የሚፈለገው ስሙን ኮምፒውተሩ ላይ በመጻፍ ሆነ።

አንድ ሰኞ ጠዋት አያ ሰውአገኝ ኃይሉ የሚባሉ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን አሟቸው መጡ። ከመካነ ብርሃን ወርደው ልጃቸው ቤት ያረፉ ናቸው። ተረኛዋ ሠራተኛ ስማቸውን ጽፋ ፈለገች። ኮምፒውተሩ የለም አለ። አዲስ ካርድ አወጣችላቸውና ሐኪሙ ዘንድ ላከቻቸው። ሽታዬ ከጓዳው ስትወጣ ሽማግሌው ያንን አዲስ ካርድ ይዘው ወደ መርፌ ክፍል ሲያዘግሙ አየቻቸው።

«አያ ሰውአገኝ፣ አምና እዚሁ ታክመው አልነበር?»

«ታክሜ እንጂ! ምነው ልጄ፣ ረሳሽኝ?»

ተመልሳ መደርደሪያውን በእጇ ፈተሸች። አሮጌው ካርድ ተገኘ። ግንባሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን አይስማማቸውም» ተብሎ ተጽፏል። ካርዱን እንደያዘች ሮጠች። ነርሷ ፔኒሲሊኑን በሲሪንጅ ስባ ጨርሳ ነበር።

«ያዢው! እንዳትወጊያቸው!»

ነርሷ ካርዱን አንብባ ሲሪንጁን አስቀመጠች።

ሽታዬ የዚያን ቀን ምሳ አልበላችም። ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን ዘርግታ አየቻቸው። አሮጌው በንጉሡ ሠ እና በሐመሩ ሐ «ሠውአገኝ ሐይሉ» ይላል። አዲሱ በእሳቱ ሰ እና በብዙኃኑ ኀ «ሰውአገኝ ኃይሉ» ይላል። ለሰው ጆሮ አንድ ስም ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ነው።

ካርዶቹን ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ለአብዮት አሳየችው።

«ፕሮግራሙን ለሠሩት ሰዎች ደብዳቤ ጽፈናል» አላት። «እስኪመልሱ እንጠብቅ እንጂ ምን እናድርግ?»

«እስኪመልሱ ሰው ቢሞትስ?»

«ታዲያ አንቺ ልትሠሪው ነው?»

ለቀልድ ነበር ያለው። ሽታዬ አልሳቀችም። «የሚያስተምረኝ ካገኘሁ እሠራዋለሁ» አለች።

ፒያሳ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጀማሪዎች የፕሮግራም ትምህርት እንደሚሰጥ ጠይቃ ደረሰችበት። አስተማሪዋ ሶሊያና የምትባል የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ናት። አሥራ አንዱ ተማሪዎችም የሶሊያና እኩዮች ናቸው። ሽታዬ በአርባ ስድስት ዓመቷ የፊቱ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ ኮምፒውተር አንነካም» አለች ሶሊያና። ስም የተጻፈባቸው ስልሳ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ በተነች። «ከዚህ ውስጥ አንድ ስም ፈልጎ ለማግኘት ምን እንደምታደርጉ ጻፉ። አንባቢው ከጻፋችሁት ውጭ ምንም የማያውቅ ሞኝ ነው ብላችሁ አስቡ።»

ሽታዬ በልቧ ደስ አላት፤ የዕለት ሥራዋ ነዋ! ሶሊያና የሚፈለገውን ስም ተናግራ ሳትጨርስ ወረቀቱን መዝዛ አወጣችው።

«ሸጋ! እንዴት አገኙት እትዬ ሽታዬ?»

«አየሁት።»

«ከማየትዎ በፊት ምን አደረጉ?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችውን ሥራ በቃል መናገር አቃታት። ከኋላ አንድ ወጣት ሳቀ። ፊቷ ጋለ፤ እስከ ትምህርቱ መጨረሻ ቀና አላለችም።

ከሚኒባሱ አዘዞ ስትወርድ ግን ደብተር ገዝታ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የገዛ እጇን ስትሰልል ሰነበተች። ካርድ ባወጣች ቁጥር ትጽፋለች፦ መጀመሪያ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እሰማለሁ። ፊደሉ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ካለው ሁለቱንም መደርደሪያ አያለሁ። ቀጥሎ የአባት ስም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንን ደብተር ሶሊያና ፊት አኖረችው። ሶሊያና አንብባ ስትጨርስ፣ «ፕሮግራሙን እኮ እስከ ግማሽ ድረስ ጽፈውታል» አለቻት።

ቀሪው ግማሽ ግን ከባድ ነበር። ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ጣቶቿ ቁልፎቹን አያውቋቸውም። አንዲት ነጥብ ስትጎድል ማሽኑ ሥራውን ሁሉ ይጥላል። ሐመሩንም ብዙኃኑንም ወደ ሃሌታው ሀ የሚለውጥ ፕሮግራም ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀባት፤ ስትሞክረው «ኃይሉ» አሁንም አልተገኘም። ቁጭ ብላ አሰበች። የፊደል ገበታ ገዝታ ግድግዳ ላይ ሰቀለች። ገበታው ፊት ቆማ ስትቆጥር ስሕተቷን አገኘችው፤ ግዕዙን ብቻ ለውጣ ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉትን ስድስቱን ረስታ ነበር። ሰባቱንም ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ በአንድ ጻፈች፤ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ሀ እና ሃንም አንድ አደረገቻቸው። ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀንም እንዲሁ። ፕሮግራሟ ዋናውን መዝገብ አይነካም፤ የስሞቹን ዝርዝር ብቻ አንብቦ የካርዱን ቁጥር ይናገራል።

አብዮት ሲያየው አልቸኮለም።

«ሁለት ሰውአገኝ ኃይሉ ቢኖሩስ? የአንዱን ካርድ ለሌላው ብትሰጪ ከበፊቱ ይብሳል።»

ተናደደች፤ ግን እውነቱን ነው። እሷ በእጇ ስትፈልግ ምን ታደርግ ነበር? ዕድሜና ቀበሌ ትጠይቃለች። እንግዲያው ፕሮግራሙም አንድ ሰው መርጦ መስጠት የለበትም፤ ተመሳሳዮቹን ሁሉ ከነዕድሜያቸውና ከነቀበሌያቸው ዘርዝሮ ምርጫውን ለሠራተኛዋ ይተው። እንደገና ጻፈችው።

አብዮት የአንድ ሳምንት ሙከራ ፈቀደ። እያንዳንዱ ካርድ በፕሮግራሙም በእጅም ተፈለገ። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ካርዶች ዘጠኙን ፕሮግራሙ አላገኘም። ሽታዬ ዘጠኙን ለይታ ስታያቸው ስድስቱ እንደ «ወልደ ገብርኤል» አንድ ቦታ ተለያይተው፣ ሌላ ቦታ ተገጥመው የተጻፉ ስሞች ናቸው። ክፍት ቦታውን የሚያጠፋ አንድ መስመር ጨመረች። ሦስቱ «ገ/» ተብለው ያጠሩ ነበሩ፤ እነሱን አላሸነፈቻቸውም። «እንደ ‹ገብረ› የሚያጥር ስም ከመጣ በእጅ ፈልጉ» ብላ በትልቁ ጽፋ ኮምፒውተሩ ላይ ለጠፈች። አብዮት ወረቀቱን አንብቦ፣ «ከሰኞ ጀምሮ በዚህ እንሠራለን» አለ።

ዘንድሮ የጀማሪዎቹን ክፍል ሶሊያና ለሽታዬ ሰጥታታለች። ተማሪዎቿ ከየጤና ጣቢያው የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ቢሻው የሚባል የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ከእንፍራንዝ እየተመላለሰ ይማራል፤ በሁለተኛው ቅዳሜ ደብተሩን ዘጋ።

«እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርሁም» አላት።

አላባበለችውም። «በዚህ ሳምንት ያሰለቸህ ሥራ ምንድን ነው?» አለችው።

«የክትባት መዝገብ። ቀጠሮው የደረሰ ሕፃን ለማግኘት ሐሙስ ሐሙስ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር እገልጣለሁ።»

«ስትገልጥ ዓይንህ ምን ይፈልጋል?»

«ቀኑን።»

«ቀኑን ካገኘህስ?»

ቢሻው ደብተሩን መልሶ ከፈተ። የመዝገቡን ቀኖች ኮምፒውተር ላይ አስገባ፤ በአምስተኛው ሳምንት የሠራው ትንሽ ፕሮግራም ቀጠሮ ያለፋቸውን አሥራ አራት ሕፃናት ስም አወጣ። ቢሻው ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ገልብጦ ሐሙስ ማለዳ ወደየቤታቸው ሄደ። አሥራ ሁለቱን እናቶቻቸው ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያው ይዘዋቸው መጡ።