የስፌት መኪናው የሚቆምበት ቦታ

ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ወዲህ መጽሐፍ የማነበው በጆሮዬ ነው። ልጄ ሀያት ስልኬ ላይ ትረካ ትጭንልኝና መስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፋው ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ በሽምግልናዬ ነገረኛ ሆኛለሁ፤ ተራኪ አይጥመኝም። አንዱ ገና ሰው ሳይሞት ማልቀስ ይጀምራል። ሌላው የሴት ድምፅ ላምጣ ብሎ እንደታነቀ ፍየል ይሆናል። ስለ ማዳበሪያ የሚያስረዳ መጽሐፍ ሥር ዋሽንት የሚያስነፉም አሉ። ለማን ነው የሚነፋው? ለማዳበሪያው?

ባለፈው ሳምንት ግን ሀያት አንድ የማላውቀው ልጅ ቤቱ ተቀምጦ የቀዳውን ልቦለድ ከፈተችልኝ። ድምፁ ሻካራ ነው፤ አንዳንዴም መስመር ይስታል። መሀል ላይ ከጀርባው ዶሮ ጮኸ። ወዲያው ደግሞ አንዲት ሴት "በሩን ዝጋው እንጂ!" ስትል ተሰማች።

"ይሄስ አይረባም አባባ፣ ሌላ ልፈልግልህ" አለች ሀያት።

"ተይው! እንዳትነኪው!"

ጮኼባት ነው መሰለኝ ደነገጠች። ያ ዶሮ ወደ ኋላ መለሰኝ። እኔም በወጣትነቴ፣ እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ መንገድ ዳር ባለችው በረንዳችን ላይ፣ የቤቱን ኮሽታ ሁሉ ከጀርባዬ ይዤ ለአንድ ሰው መጽሐፍ አነብ ነበር።

ያ ሰው ታላቅ እህቴ ዘይነባ ናት። ዘይኔ እንላታለን። እናታችንን ለማገዝ ብላ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጠች ማንበቡ እምብዛም አይሆንላትም ነበር። ግን እኔ ጮክ ብዬ ሳጠና እሷ ልብስ እያጠበች ሁሉንም ትይዘው ነበር፤ ስረሳ የምታስታውሰኝ እሷ ናት። በኋላ እንደ ብዙዎቹ የሰፈራችን ልጆች ጂዳ ሄዳ ሰው ቤት ገባች። ያኔ ስልክ እንደ ዛሬው የት አለና? የውጫሌዋ ሀዋ የምንላት አንዲት ነጋዴ ግን ነበረች፤ ከዚህ ድርቆሽና በርበሬ ትወስዳለች፣ ከዚያ ሽቶና ጨርቅ ታመጣለች፤ በዕቃዋ መሀል ደግሞ የሰውን ሁሉ ካሴት ትሸጉጣለች። ደብዳቤ የማይሆንለት ሰው ናፍቆቱን ቀድቶ ነበር የሚልከው። የዘይኔ የመጀመሪያ ካሴት የመጣ ለት ቴፑን ከበን ተቀመጥን።

"እዚህ የሚያናግረኝ ሰው የለም" አለች ሰላምታዋን ጨርሳ። "ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሳይ ነው የምውለው። ሰይዴ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ መጽሐፍ አንብብልኝ። የፈለገው ዓይነት ይሁን፣ ብቻ ድምፅ ይሁን።"

እኔ ያኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት እምቢ ብሎኝ ቤት የተጎለትኩ ነኝ። መነኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ነበረና እሱ ዘንድ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩላት። ልቦለዱን፣ የነገሥታቱን ታሪክ፣ ስለ ንብ ማነብ፣ ስለ ሕፃናት ጤና። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ የካሴቱ ክር ሲላላ በእስክሪብቶ እናጠነጥነዋለን። በፊቴ የደሴና የወልዲያ መኪኖች ያልፋሉ። ወደ ማታ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ የሚጠበስ ቆሮሶ ዓሣ ሽታ ይዞልን ይመጣል፤ እያነበብኩ ምራቄን እውጣለሁ። ከጀርባዬ ደግሞ አባዬ አለ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናውን በረንዳው ጥግ አቁሞ ከጧት እስከ መግሪብ ትርርር ያደርገዋል። ማንም እንዲነካበት አይፈልግም፤ እማዬ አቧራውን ልትጠርግለት እንኳ ፈቃድ ትጠይቃለች። ካሴት ላይ ግን አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። እማዬ "ኧረ ና፣ ልጅህን ሰላም በላት" ስትለው፣ "እኔ ከብረት ጋር አላወራም። ስትመጣ አወራታለሁ" ይላል። ቀኑን ሙሉ ከብረት ጋር የሚውል ሰው! ስለዚህ ካሴቱ ላይ የነበረው የእሱ ነገር ያ የመኪናው ድምፅ ብቻ ነው። አንዳንዴ ድንገት ቀጥ ይላል፤ እኔ ክር የበጠሰ ይመስለኝ ነበር።

የዘይኔ መልስ ሲመጣ ጎረቤት ሳይቀር ይሰበሰባል። ምክንያቱም ዘይኔ መጽሐፍ አይታ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። በፍቅሩ ልቦለድ ተናዳ፣ "ይቺ ልጅ ምዕራፉን ሙሉ ተኝታ አለቀሰች፤ ሥራዋን ማን ሠራላት?" አለች። የወንጀሉን ደግሞ፣ "ገዳይዋ የቤት ሠራተኛዋ ናት ሲል ካሴቱን አወጣሁት። ወላሂ ውሸት ነው። እኛ ሲመሽ ጫማ ለማውለቅም አቅም የለን" ብላ አሳቀችን። ከታሪኩ መጽሐፍ ቅር ያላት ሌላ ነው፤ "ጦርነቱን ሁሉ ነገረኝ፣ ያን ለት ዝናብ ይሁን ፀሐይ ግን አልነገረኝም" ትላለች። ከሁሉ የወደደችው፣ ማን ያምናል፣ የንቡን ነው። "አንዱን ምዕራፍ ስሰማ ካውያውን ረስቼው የጌትዬውን ጀለቢያ አቃጠልኩ። ልብስ ያቃጠልኩበት መጽሐፍ ጥሩ መጽሐፍ ነው!" እማዬ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አባዬ መኪናውን እየረገጠ፣ ፊቱን ወደ ጨርቁ ደፍቶ፣ ትከሻው ሲርገፈገፍ አይቻለሁ።

እንዲህ እያልን ክረምቱ ገባ። የአምባሰል ተራራ ጉሙን ለብሶ ከዓይን ጠፋ፤ መንገዱ ጭቃ ሆነ። አንድ ጧት አባዬ "ሆዴን ቆረጠኝ" ብሎ ከመኪናው ተነሳ። መኪናው ላይ የጀመረው የልጅ ሱሪ ነበር፣ አንድ እግሩ የተሰፋ። ደሴ ሆስፒታል ሳናደርሰው መንገድ ላይ አረፈ። አላህ ይዘንለት፤ እስከ መጨረሻዋ "አብሽሩ፣ ይሻለኛል" ይለን ነበር።

ከቀብር መልስ አጎታችን ይመር እኔንና እማዬን ለብቻችን ያዘን። "ለዘይነባ እንዳይነገር" አለ። "ሰው ቤት ናት። ብታለቅስ ማን ይይዛታል? አገሯ ስትገባ፣ ወገኗ መሀል ሆና ትረዳ።" የተለመደ ነው፤ በእኛ አገር መርዶ በሩቅ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። እማዬም "እውነትህን ነው" አለች። የእኔ ሐሳብ ምን እንደነበር እንጃ፤ ብቻ አልተቃወምኩም።

ግን ካሴት ካልላክን ደግሞ ትጠረጥራለች። አርባው እንዳለፈ መጽሐፍ ተከራይቼ መጣሁና ቀዳሁ። እማዬ መልሳ ልስማው አለች። ትንሽ ሰምታ እጄን ያዘች።

"ሰይዴ፣ መኪናው የለማ።"

እውነቷን ነው። ከድምፄ ጀርባ ባዶ ነበር።

"አባትህ የት ሄደ ትላለች" አለች፤ ተነስታም መኪናው ላይ ተቀመጠች። በዕድሜዋ ነክታው አታውቅም። ያን ግማሽ ሱሪ ቀስ ብላ አወጣችው፣ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ክር የለው፣ ጨርቅ የለው፣ ባዶውን መርገጥ ጀመረች። መጀመሪያ እየተንገጫገጨ አስቸገራት፤ ቆይቶ እሺ አላት። "አንብብ" አለችኝ። አነበብኩ። ትርርር ትርርር ይላል ከጀርባዬ። ዞር ብዬ ሳያት እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል፤ እግሯ ግን አያርፍም። ድምፅ እንዳይሰማባት ከንፈሯን ነክሳለች። ከዚያ በኋላ የላክናቸውን ካሴቶች ሁሉ እንዲህ ነው የቀዳናቸው። በዚያች እግሯ ልጇን የምትጠብቅ ይመስላት ነበር፣ እማዬ።

የዘይኔ መልስ የመጣው መከር ሊገባ ሲል ነው። ሀዋ ካሴቱን ስትሰጠኝ "ትንሽ ከስታለች" አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። እኔና እማዬ በሩን ዘግተን ካሴቱን ከፈትነው። ዘይኔ እንደ ልማዷ ጀመረች። የሕፃናቱን ጤና መጽሐፍ አወደሰች፤ የማዳም ልጅ ሲያተኩሰው እንደተጻፈው አድርጋ እንደተሻለው ነገረችን። አንዱን ልቦለድ "የሰውዬው ንግግር ሁሉ ስብከት ነው" ብላ ጣለችው። እማዬ እፎይ ብላ ፈገግ አለች። አላወቀችም ብለን ነው።

"ሰይዴ" አለች ከዚያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የሽፍታውን ታሪክ ያነበብክልኝ ጊዜ፣ ልጁ አባቱ መሆኑን ሳያውቅ ያን እንግዳ ውሃ ሲያጠጣው... እንዲህ ያለ ቦታ ሰምቼ አላውቅም። አባዬ ግን መኪናውን አላቆመም።"

ቴፑ ትንሽ ሸሸሸ አለ።

"አባዬ ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርስ እግሩን ያቆማል እኮ። አታውቅም? ልቡን ሲነካው መርገጥ አይችልም። እኔ መጽሐፉ ማማሩን የማውቀው በእሱ ነበር፤ እሱ ሲያቆም እኔም ካውያዬን አቆማለሁ፣ አብረን እንሰማለን። አሁን ግን ሁሉም ላይ ዝም ብሎ ይረገጣል። ይሄ የሚረግጠው ሰው መጽሐፉን አይሰማም። ሌላ ነገር ነው የሚያስበው።"

እማዬ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"እማዬ፣ አንቺ ነሽ አይደል? በቃ የኔ እናት፣ እግርሽን አሳርፊው። ለእኔ አታስቡ፤ እርሜን አውጥቻለሁ። ማዳም እንዳትሰማኝ የልብስ ማጠቢያውን ባዶውን ከፈትኩትና እዚያው አጠገቡ አለቀስኩ። ሰደቃውን እናንተ አውጡልኝ። ሰይዴ፣ አንተ ማንበቡን እንዳትተው።"

መርዶ ነጋሪዎቹ እኛ ነበርን፤ እሷ ነገረችን። እማዬ ባሏ የሞተ ለት ያላለቀሰችውን ያህል ያን ቀን አለቀሰች፤ ጎረቤት ደንግጦ እየሮጠ መጣ። "የሚይዛት ሳይኖር! ብረት አጠገብ ቆማ! ያ ረቢ፣ ልጄ ብቻዋን!" ትላለች። የፈራነው ሁሉ፣ ደብቀን ያስቀረነው የመሰለን ሁሉ፣ ሆኖ አልቋል። በዚያ ላይ እኛ እዚህ በክንድ ተደጋግፈን ነበርን።

ዘይኔ ከዓመታት በኋላ ገባች። ሴቶቹ በወጉ ሊያስለቅሷት ደጅ ተሰብስበው ሳለ፣ በመሀላቸው አልፋ የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። አልረገጠችውም። እጇን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ውጫሌ አግብታ ኖረች። በመጣች ቁጥር "እስቲ አንብብልኝ" ትለኛለች፤ አነብላታለሁ፣ እሷም መጽሐፉንም ደራሲውንም ታብጠለጥለዋለች። እማዬ ቀደመች፤ ዘይኔ አምና ተከተለቻት። እስከ ዛሬም ትረካ ሰምቼ የሚያናድድ ነገር ሲያጋጥመኝ "ይሄን ለዘይኔ ነው የምነግራት" እላለሁ፤ መሞቷን የማስታውሰው ብዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

እንግዲህ ሀያት የደነገጠች ለት ይሄን ሁሉ አልነገርኳትም። "እሺ በቃ፣ አልነካውም" አለችና የምትከትፈውን ጎመን ይዛ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ዶሮው የሚጮህበት ልጅ ትረካውን ቀጠለ። በታሪኩ ውስጥ አንዲት እናት ከመንገድ የተመለሰ ልጇን ሳትለየው፣ በር ላይ ቆማ "ማን ልበል?" ትለዋለች። ተራኪው ልጅ ያን ሲያነብ ድምፁ አልተንቀጠቀጠ፣ ሙዚቃ አልገባ፤ እንዲሁ ዝም ብሎ አነበበው። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነበር። ከኋላዬ የሀያት ቢላዋ ጣውላው ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ቆየና ቀጥ አለ። እሷ ማቆሟን አላወቀችም።

ዘይኔ ብትኖር፣ ጥሩ መጽሐፍ ነው ትል ነበር።