ባለ አራት ቁልፉ ማብሪያ

ወሰን ሰፈር ውስጥ መብራት ያስቸገረው ሰው ሁሉ ሶሬቲ ዲንሳን ያውቃታል። ኤሌክትሪሺያን ናት፤ ሲ.ኤም.ሲ ባሉ ቪላዎች እየዞረች መብራት በስልክ የሚታዘዝበትን፣ ስማርት ሆም የሚሉትን ነገር ትገጥማለች። ጎበዝ ናት፤ ጎበዝ መሆኗንም በደንብ ታውቃለች። ክፋቱ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረባትም። ዕቃ የምትቆጣበትን ድምፅ ሰው ላይም ታወጣዋለች።

እናቷ ካረፉ ወዲህ የምትኖረው ከአባቷ ከአቶ ዲንሳ ጋር ነው። አቶ ዲንሳ መሬታቸው ሰፈር እስኪሆን ድረስ ገበሬ ነበሩ። አሁን የቀራቸው ነገር ማታ ማታ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ድምፅ አውጥተው ማንበብ ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ለእሳቸው ነበር የሚያነቡት፤ ካረፉም በኋላ አላቋረጡም። ሶሬቲ የቤቱን መብራት ለመቀየር የተነሳችውም ለዚሁ ነው፤ ሽማግሌው ከወንበራቸው ሳይነሱ እንዲያበሩ ብላ።

አምፖሎቹን ቀየረች። ሀብ የሚሏትን ትእዛዝ አስተላላፊ ሳጥን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠች። ባለ አራት ቁልፉን ገመድ አልባ ማብሪያ ደግሞ ከአባቷ ወንበር አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ማታ ሠራ፤ ጠዋት እምቢ አለ። ባትሪ ቀየረች፣ ሀቡን አጥፍታ አበራች፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከአምፖሎቹ ጋር እንደገና አስተዋወቀች። ማታ ይሠራል፤ ጠዋት እምቢ። ቅዳሜዋን ሙሉ እሱ ላይ ጨረሰችው። ለካ አቶ ዲንሳ ሊተኙ ሲሉ፣ እንደ ልማዳቸው፣ በሩ አጠገብ ያለውን የድሮውን ማብሪያ ማጥፊያ ያጠፉት፣ ሲመሽ ደግሞ መልሰው ያበሩት ኖሯል። እሱ ከጠፋ አምፖሉ ኤሌክትሪክ አያገኝም፤ ማንም ቢያዘው አይሰማም።

ሶሬቲ የድሮውን ማብሪያ እንደበራ በጥቁር ናስትሮ አሸገችና "አባ፣ ከእንግዲህ ማብሪያ የሚባል ነገር እንዳይነኩብኝ። ቅዳሜዬን ነው የበሉት" አለቻቸው።

"እሺ ልጄ" አሉ። አቶ ዲንሳ እሺ ካሉ እሺ ነው።

ከዚያ በኋላ ምንም አልተበላሸም። ስልኳ ወደ ግቢው ሲቃረብ ሳሎኑ በራሱ እንዲበራ አድርጋ ስለነበር፣ ከሥራ ስትመለስ ሁልጊዜ አባቷን ደማቅ መብራት ሥር ታገኛቸዋለች። መጽሐፉ ጭናቸው ላይ ነው። የንባብ ድምፅ አለመስማቷን ልብ ያለችውም ዘግይታ ነው፤ ያኔም ደክሟቸው ይሆናል ብላ አለፈችው። ክረምቱ እንዲሁ ወጣ።

መስከረም ላይ አንድ ምሽት ስልኳ ባትሪ ጨርሶ መጣች። ፀሐይ ከእንጦጦ ጀርባ ገብታለች። የጎረቤት መስኮት ሁሉ በርቷል፤ የእነሱ ሳሎን ግን ጨለማ ነው። ደንግጣ በሩን ከፈተችና "አባ?" አለች።

"መጣሽ እንዴ?" አሉ ከወንበራቸው ሆነው። "ዛሬስ መብራቱ ሳይነግረኝ።"

"ለምን ጨለማ ውስጥ ተቀመጡ?"

"አይንኩ አልሽኝ እኮ። አንቺ ስትመጪ ይበራ የለ፣ ምን ቸገረኝ።"

"ንባቡስ?"

"እሱንማ ተውኩት። ለእናትሽ የማነብላት ማታ፣ አንቺ እስክትመጪ ነበር፤ ቀን ቀን አይመጣልኝም።"

ሶሬቲ ገባት። ክረምቱን ሙሉ አባቷን በገዛ ቤታቸው ጨለማ ውስጥ አስቀምጣ፣ የሰው ቪላ ስታበራ ነው የከረመችው። ያን ቀን የተናገረችውን መልሳ ብትውጠው በወደደች። በዳበሳ ወንበሩ ጋ ደረሰች፤ እጃቸውን ይዛ ጣታቸውን የላይኛው ቁልፍ ላይ አሳረፈች።

"ይጫኑት አባ። የእርስዎ ነው።"

አመነቱ። ከዚያ ተጫኑት፤ ሳሎኑ ቦግ አለ። አቶ ዲንሳ ቀና ብለው ልጃቸውን ሲያዩ ፊቷ በእንባ ርሷል።

"ይቅርታ ልጄ፣ አበላሸሁብሽ" አሉና መልሰው አጠፉት።