የእናቴ ጣውንት ጅራት ስታወጣ

እናቴ የአባቴን ጀልባ «ጣውንቴ» ነው የምትላት። ለጎረቤትም፣ ለንስሐ አባቷም፣ በደጃፋችን ለሚያልፍ ለማንም ሰው ያው ነው። «ባልሽ የት ሄደ?» ሲሏት «ጣውንቴ ዘንድ» ትልና ሽንኩርቷን መክተፏን ትቀጥላለች። ሰው ይስቃል። እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ፤ ቀልዱ ግማሹ ቀልድ አልነበረም። ሰውዬው በዓመት በዓል እንኳ የመጨረሻዋን ጉርሻ እያላመጠ ነበር ወደ ሐይቁ የሚወርደው።

ጀልባዋ የብረት ናት፣ የዓሣ ማጥመጃ። ሆዷ ውስጥ መሐል ላይ አንድ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ተቀምጦ ነበር። እግዚኦ ድምፁ! ያ ሞተር ከተነሣ ጀልባዋ ላይ ወሬ የሚባል ነገር የለም፤ የምንግባባው በእጅ ነው። መዳፍ ወደ ፊት ሲገፋ «ንዳ»፣ ጡጫ ሲጨበጥ «ቁም»፣ ጣት ወደ አፍ ሲሄድ «ምሳ አምጡ» ማለት ነው። አባቴ መሪውን ይዞ አገጩን ሲያንቀሳቅስ ይውላል። ቆሎ የሚቆረጥም ይመስለን ነበር። እናቴ አብራን በተሳፈረች ቁጥር ቤት ስንገባ «ለሚስቱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቆሎውን ሲያኝክ ዋለ» ብላ ታማዋለች። እሱ አይሰማትም፤ ሞተሩ ጆሮውን በልቶታል። «አባዬ፣ ሻይ ልቅዳልህ?» ብለው «አዎ፣ ከሰዓት ይዘንባል» ይለኛል።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ያ ሞተር ከሐይቁ መሐል ቀጥ አለ። አባቴ ብቻውን ነበር። ነፋሱ ወዲያና ወዲህ ሲያላጋው ውሎ ሌላ ጀልባ በገመድ ጎትቶ አመጣው። እናቴ ዳር ላይ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን ልታዘቅዝቅ ምንም አልቀራት። እሱ በስብሶ ሲወርድ አላቀፈችውም። ጣቷን ወደ ጀልባዋ ቀስራ «ትሸጣለች» አለች። «ለብረት ነጋዴ በኪሎ ትሸጣለች። አለቀ!» ይህቺን ግን አባቴ በደንብ ሰማት።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ከሰው ተራ ወጣ። አይጣላ፣ አይሟገት፤ ምግቡን ነካ አድርጎ ይተወዋል፣ ሐይቁ ዳር ሄዶ የቆመችውን ጀልባ ያያታል፣ ዞሮ ይመጣል። እንዲህ ከሚሆን ሰው ቢጣላ ምናለበት! አንጀቴ አረረ። እናቴም እውነት አላት፣ አባቴም ያሳዝናል፤ መሐል ላይ ሆኜ የምቆጣው ሰው አጣሁ። ስለዚህ ባሌን ተቆጣሁት። «አንተ በያጅ አይደለህ? ብረት አይደለችም? አንድ ነገር አድርግ እንጂ!»

ባሌ ዓባይ ማዶ ነው የሚሠራው፤ የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ ይበይዳል። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለሆነ ውሃ የሚያውቀው በባልዲ ነው። ሆኖም ቁጣዬን ስለሚፈራ ስልኩን ይዞ ሲፈልግ ሰነበተና አንድ ቀን ሱቁ ወለል ላይ በጠመኔ ሥዕል ሥሎ ጠራኝ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ያ ሬሳ ሞተር ከሆዷ ይወጣል፣ ዘንጉ የሚወጣበት ቀዳዳ ይደፈናል፣ ከጀርባዋ ላይ ባዶ የላሜራ ሣጥን ይበየድላታል፣ ትንሽዬ የቤንዚን ሞተር ደግሞ ሣጥኑ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ሣጥኑ አየር ስለያዘ የሞተሩን ክብደት ያንሳፍፋል፤ ሆዷም ለዓሣና ለሰው ይለቀቃል። «ጅራት እንቀጥልላት ነው የምትል?» አልሁት። «አዎ፣ ጅራት» አለኝ። ዘልዬ አቀፍሁት፤ ጠመኔው ልብሴን ሁሉ አነጣው።

እናቴን ለማሳመን የሄድሁት እኔ ነኝ። «እማዬ፣ አንድ ዕድል ብቻ ስጫት።» እጇን አጣጥፋ እንደ ዳኛ ፈረደች። «የትውልድ ደብሬ ታቦት በሚነግሥበት ቀን ዘጌ ታድርሰኝ። ሰው ገመድ ሳይጥልላት አድርሳ፣ ሰው ገመድ ሳይጥልላት ከመለሰችኝ ትኑር። በገመድ ተጎትታ ከገባች ግን በማግሥቱ ብረት ነጋዴው ደጃፌ ይቁም።» ለአባቴ ጆሮው ላይ ጮኸን ነገርነው። «ገመድ የለም! ገመድ የለም!» እያለ ተነሣና ምሳ ጠየቀ። ጎሽ የኔ አባት!

የዕቁቤ ዕጣ ወጥቶልኝ ስለነበር አንድ ያገለገለ ሞተር ገዛሁ። ሥራው ተጀመረ፣ ጭቅጭቁም አብሮ ተጀመረ። አባቴ ሣጥኑን ሲያይ መረብና ምሳ ዕቃ ማስቀመጫ መሰለው። «በር የለውም?» ብሎ ጠየቀ።

«የለውም አባባ፤ ድፍን ነው» አለ ባሌ እየጮኸ።

«ታዲያ ውስጡ ምን ይገባል?»

«ምንም! አየር ብቻ!»

አባቴ ላሜራውን በጣቱ አንኳኳው። «ይሄ ሁሉ ብረት አየር ለማሰር ነው? ባዶ ሣጥን ተሸክሜ ሐይቅ ለሐይቅ ስዞር ሰው ምን ይለኛል?» አለ። ባሌ ላብ በላብ ሆኖ «አባባ፣ እርስዎን የሚያንሳፍፍዎት እኮ ባዶነቱ ነው» እያለ ሲለማመጠው እኔ ከሳቅ ብዛት ብረት ላይ ቁጭ አልሁ። ደግሞ ብረቱ ገና ተበይዶ መውጣቱ ነበር፤ የአነሣሤ ፍጥነት እስካሁን ይወራል።

ባሌ ሣጥኑን በጎማ መንፊያ አየር ሞላበትና ብየዳውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀባው። አረፋው ከተንፈቀፈቀ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። አንድ ቦታ ብቻ ተንፈቀፈቀ፤ እሱንም ደገመው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ። ግን እጁ በር ለምዷል፤ ዘወር ስንልለት የሣጥኑ ጎን ላይ ሁለት የብረት አበባ ለጥፎ፣ ከሰው በር የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ጠበቀን። ጀልባችን ከኋላ ስትታይ የሀብታም ግቢ መሰለች። እናቴ ልታይ መጣችና ወገቧን ይዛ ቆመች። «ለጣውንቴ አበባ! የእኔ በር ላይ አንዲት አበባ የለችም!» ባሌ በሚቀጥለው ሳምንት እሠራልዎታለሁ ብሎ ማለ። አልሠራላትም።

ውሃ ላይ ባወረድናት ጊዜ ግን ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀሰረች። ለካ ያ ከባድ ሞተር ከመሐል ወጥቶ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ሄዷል። ባሌ ከንፈሩን ነከሰ። አባቴ ግን አንዴ አይቶ «ከፊት ክብደት ትፈልጋለች» አለና ዓይኑ ዳር ላይ ወደ ቆመችው ሚስቱ ሄደ። እናቴ፣ እግዜር ይስጣት፣ ደልደል ያለች ሴት ናት። እኔ መቼም ምላሴ አያርፍም፤ «እማዬ ከፊት ትቀመጥ» አልሁ።

«ድንጋይ አደረጋችሁኝ?» ብላ ጮኸች። ከዚያ አሰብ አደረገችና «ይሁን፤ ዳኛም ከፊት ነው የሚቀመጥ» አለች።

የንግሡ ዕለት ጧት ነጭ ለብሳ፣ ድፎ ዳቦዋን ታቅፋ፣ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተሰየመች። አፍንጫዋም ወዲያው ዝቅ አለ። ባሌ ባዶ ጀሪካን አቅፎ መሐል ላይ ተቀመጠ፤ ሣጥኑን ራሱ ሠርቶት ሲያበቃ አላመነውም። እኔ ከእሱ አጠገብ። ባሌ የቤንዚን ታኒካው ክዳን ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አላላና «አየር መግቢያ ናት፤ ከተዘጋች ሞተሩ ቤንዚን መሳብ ያቅተዋል» ብሎ አስረዳን። አባቴ ከኋላ ሆኖ የሞተሩን ገመድ ሳበ። ተነሣልን! ዳር የቆመው ሰው እልል አለ።

እኛ ግን ተደናገጥን። ዝምታ ነበር። ሞተሩ ከወደ ኋላ እንደ ንብ እም ይላል እንጂ የጀልባዋ ሆድ ጭጭ ብሏል። ውሃው ብረቱን ጠፍ ጠፍ ሲያደርገው ይሰማል። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያች ጀልባ ስሄድ ሐይቁ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ወደ መሐል እንደገባን ባሌ ጎሸም አደረገኝና «ሬድዮ ይዛችኋል እንዴ?» አለ። ሰው ይዘፍናል። ዞር ብዬ አየሁ። አባቴ ዓይኑን ከሩቅ የዘጌ ጫካ ላይ ተክሎ አገጩን ያንቀሳቅሳል፦

ትቆጣኝ ትቆጣኝ ደስ ይለኛል እኔ፣
ዝም ያለች ዕለት ነው የሚጨልም ቀኔ።

ቆሎ አልነበረም! ያን ሁሉ ዘመን ቆሎ አልነበረም! ያ ሞተር ሲያጓራ ከሥሩ እየዘፈነ ኖሯል፤ ዛሬም ጆሮው ስለደከመ ድምፁ የተሸፈነ መስሎታል። እንደ ደንቆሮ ሰው ጮክ ብሎ ነው ደግሞ፦

ከዘጌ አመጣኋት በታንኳዬ ጭኜ፣
ሐይቁን አቋረጥሁት እሷን ተማምኜ።

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ነው የተቀመጠች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ እየተንፏቀቅሁ ሄድሁ፤ ፊቷን ሳየው ትስቃለች፣ እንባዋ ደግሞ በጉንጯ ይወርዳል። «አንድ ቀን ደኅና ቃል ያልሰጠኝ ሰው!» አለችኝ በሹክሹክታ። እኔ በደስታ አብጄ ወደ አባቴ እጄን ላወዛውዝ ስል ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ተይው! መሰማቱን ካወቀ ያፍራል። ካፈረ ይተወዋል።» እስከ ዘጌ ድረስ እሱ ዘፈነ፣ እኛ ሰማን። ወደብ ላይ ስንወርድ እንኳ ባሌ ጀሪካኑን እንዳቀፈ ነበር።

ንግሡ ደስ የሚል ነበር፤ እናቴ እልልታዋ ከሁሉ ሰው በላይ ነበር ብል ይበቃል። ዘመዶቿ የዘጌ ቡና በከረጢት፣ የተባረከ ዳቦ በመሶብ አሸከሙን። ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ተሳፈርን። አባቴ መዝፈን ጀመረ፣ እኛም ሳቃችንን ውጠን ወደ ፊት አየን። መንገዱን አጋምሰን ሳለ ሞተሩ ሳል አለው። ደገመው። ጠፋ።

አባቴ ገመዱን ቢስበው፣ ቢስበው፣ ወይ ፍንክች። እንዳጋጣሚ ሆኖ ከንግሡ የሚመለሱ ሰዎች የሞሉባት ጀልባ አጠገባችን ደረሰች። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ምን ይደረግ! ሳንጠራቸው ገመድ ወረወሩ። ገመዱ በቀጥታ መጥቶ እናቴ ጭን ላይ አረፈ።

አባቴ ገመዱን አየው። ሞተሩን ለቀቀና እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ ያቺን የክረምቷን ፊት እንደገና አየሁበት። ፍርዱን የሰጠችው እናቴ ናት፣ ገመዱም ያለው እሷ ጭን ላይ ነው።

እናቴ ብድግ አለች። ጀልባዋ ተወላገደች፣ ባሌ «አቤት ሚካኤል!» ብሎ ጮኸ። ገመዱን ጠቅልላ መልሳ ወረወረችላቸው። «ማን ጠራችሁ?»

«እማማ፣ ሞተራችሁ እኮ ጠፍቷል» አሏት።

«እኛው ነን ያጠፋነው! ሐይቁን እያየን ነው! ሐይቅ ማየት ተከለከለ እንዴ? ሂዱልኝ!»

ሰዎቹ እየሳቁ ሄዱ። እናቴ እስኪርቁ ጠበቀችና «በሉ፣ አሁን መቅዘፊያው የት አለ?» አለችን። እኔ ወደ ኋላ ሄጄ ታኒካውን ሳየው ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። የአየር መግቢያዋ ብሎን ጥርቅም ብላለች። «ይቺን ማን አጠበቃት?» ብዬ ጮኽሁ።

እናቴ ዳቦዋን አቀፈች። «ስሳፈር ቤንዚኑ እየሸተተ የተባረከ ዳቦዬን ሊያበላሽብኝ ነበራ! እኔ ምን አውቄ!»

ለራሷ ፍርድ ራሷ ገመድ ጠርታ ነበር! ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ ባሌ ሳቀ፤ አባቴ ምንም ሳይሰማ ስለሳቅን ሳቀ። ብሎኗን ሳላላት ታኒካው ፍስስ ብሎ ተነፈሰ። አባቴ አንዴ ሳበ፣ ሞተሩ ተነሣ። ከዚያ ወደ እናቴ አየ፤ አሁንም ፍርዷን እየጠበቀ ነበር። እሷም ዞረችና መዳፏን ወደ ፊት ገፋች። ንዳ።

ነዳ። ብዙም ሳንርቅ ድምፁ መጣ፦

ጣውንቷን አዳነች ገመዱን ወርውራ፣
እኔስ እሷን እንጂ ሐይቅ መቼ ልፈራ!

«እሱስ እውነቱን ነው» አለች እናቴ፣ ሳትዞር።

ዘፈኑን እንደምንሰማ እስከ ዛሬ ማናችንም አልነገርነውም። ባሌ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ብረት በይጄ ሚዛኗን ላስተካክል፣ እማማ ከእንግዲህ አይንገላቱ ቢላት «ብረትህን እዚያው በርህ ላይ በይደው» ብላ አሳፈረችው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጋቢዋን ደርባ ወደ ሐይቁ ትወርዳለች፤ ለሚዛን ነው ትለናለች። ጎረቤት መጥቶ «እናትሽ የት ሄደች?» ሲለኝ ሽንኩርቴን እየከተፍሁ «ጣውንቷ ዘንድ» እለዋለሁ።