ጆንያ የያዘልኝ ተማሪ

አዲስ ጆንያ ሲሸተኝ፣ ያ ጋዝ ጋዝ የሚለው ሽታ፣ ዛሬም ወደ ጎኔ ዞር እላለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እህል በረንዳ ለአንድ የጤፍ ነጋዴ ጆንያ እሰፋ ነበር። ጆንያ መስፋት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ አፉን ገጥሞ ይይዛል፣ ሌላው በሲባጎ ይሰፋል። የነጋዴው የእህት ልጅ እሳቸው ቤት እየኖረ ኮሌጅ ይማር ነበር። ያን ክረምት መጋዘን መዋል አበዛ። "ልያዝልህ?" ይለኛል፤ ይይዝልኛል። በቆርቆሮው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን የጤፍ ብናኝ ሲንሳፈፍ እያየ ፈዞ ይቀራል።

"ተማሪው፣ ሱሪህን አቧራ በላው እኮ" ስለው ግን፣

"ፈተና የሚቀመጠው ሱሪው ነው እንዴ?" ብሎ ያስቀኛል።

አንድ ቀን "አንተ ጋ ስሆን ይሻለኛል" አለኝ። "ብቻዬን ስሆን ሙት ሙት ይለኛል።"

እኔ ፊደል ቆጥሬ የቀረሁ ሰው ምን አውቃለሁ? "ለጋሼ ንገራቸው" ብዬ አብሬው ሄድኩ። ነጋዴው ሚዛን ላይ ነበሩ።

"ጋሼ፣ መኖር አስጠልቶኛል። ሐኪም ጋ ይውሰዱኝ" አላቸው።

ቀና እንኳ አላሉም። "ጥጋብ ነው። ሰው ቢሰማ አበደ ይልሃል፤ ሁለተኛ ከአፍህ እንዳይወጣ።" ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተም ሥራህን ሥራ። እሱም መጋዘን ድርሽ እንዳይል" አሉኝ።

በሳምንቱ ራሱን አጠፋ። ለሰው ግን ምች መታው ተባለ።

ዕድሩ ድንኳን ጣለ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አግዳሚው ላይ ቦታ ጠፋ። ያ ሁሉ ሰው ሥራውን ፈትቶ ለሬሳው ከሚቀመጥ፣ ልጁ በሕይወት ሳለ ግማሽ ቀን አጠገቡ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? ነጋዴው ደረታቸውን እየደቁ "ምነው ልጄ፣ ምነው ብትነግረኝ" ይላሉ። ለቀስተኛውም "ምስጢረኛ ነበር" እያለ ከንፈሩን ይመጣል። ምን ምስጢረኛ! ነግሯቸዋል እኮ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሚዛኑ አጠገብ፣ ሐኪም ጋ ውሰዱኝ ብሏቸዋል። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኔም እንጀራዬን ፈርቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ንፍሮዬን ቃምኩ። ዛሬ ሰው እንደዚያ ቢለኝ፣ እጁን ይዤ ሐኪም ቤት በር ድረስ አብሬው እሄዳለሁ እንጂ ለማንም አልተውለትም።

ከለቅሶው መልስ ጆንያውን በጉልበቶቼ መሃል ይዤ ብቻዬን ሰፋሁ። ነጋዴው መጥተው አዩት።

"ስፌቱ ምነው ጠመመ?" አሉኝ።

"የሚይዝልኝ አጥቼ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ስፌቱን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ወደ ሚዛናቸው ሄዱ።