ቡርቂቱ በሙሉ ኦጎልቾ የወረደበት ጥቅምት

ጋሽ ገብረኪዳን ወባን ሸሽተው የወባ ሠራተኛ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። ይህን የምለው ስማቸውን ለማጥፋት አይደለም፤ ራሳቸውም ሁለት ብርሌ ጠጅ ከቀመሱ አይክዱትም። በወጣትነታቸው ከአቦምሳ በታች ባለው ቆላ ዲዲቲ ሲረጩ ወባ ሦስት ጊዜ ጥላቸዋለች። በሦስተኛው ቄስ ሁሉ ተጠርቶላቸው ነበር። ሲድኑ ደጋ ካልተዛወርኩ ብለው የአለቃቸው ደጃፍ ላይ ሰነበቱ። አለቃውም ሲሰለቸው ማይክሮስኮፕ አስተምሮ ቡርቂቱ ጤና ኬላ መደባቸው።

ቡርቂቱ ከኦጎልቾ ወደ አሰላ በሚወስደው ዳገት ላይ ያለች የገበሬ ማኅበር ናት። በዚያ ዘመን የወባ ሠራተኞች ደንብ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ወባ የለም ይል ነበር። ቡርቂቱ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ናት። ጋሽ ገብረኪዳን ይህችን ሁለት መቶ ሜትር ተማምነው ሚስት አገቡ፣ ቤት ሠሩ፣ ድንች ተከሉ። ከዚያ ወዲያ ለሠርግም ለለቅሶም ቆላ አልወረዱም። የገዛ አጎታቸው ኦጎልቾ ሲሞቱ እንኳ ቡርቂቱ ላይ ድንኳን ጥለው፣ ለቀስተኛው ዳገቱን ወጥቶ እንዲያስተዛዝናቸው መልእክት ልከዋል። ዘመዶቻቸው እስከ ዛሬ አልረሱላቸውም።

እኔ ፋናዬ እባላለሁ፤ በዚያው ጤና ኬላ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ምላሴም መርፌ ነው ይሉኛል። የጋሽ ገብረኪዳን ሥራ ደግሞ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞ የሚመለሰውን ሰው ደም ማየት ነበር። በዓመት አሥር ሰው ቢመጣ ነው። ከላይ ታትሞ የተሰጣቸው መዝገብ አለ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ደም የተወሰደበት ቀን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ቆላ የወረዱበት ቀንና ቦታ»። ያቺ የመጨረሻዋ ዓምድ ባዶ ከቀረች ለጋሽ ገብረኪዳን ሰውየው አልታመመም ማለት ነው።

ጥቅምት 1981 ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከዲሮ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ።

«ቆላ የወረድከው መቼ ነው?» አሉት።

«አልወረድኩም።»

«እስቲ አስብ።»

«ወላሂ አልወረድኩም። ከነሐሴ ጀምሮ ከቡርቂቱ ንቅንቅ አላልኩም። ግን ይሄ ቡሳ ነው፣ አውቀዋለሁ።»

«ካልወረድክ ወባ ከየት ይመጣል? ብርድ ነው» ብለው አስፕሪን ሰጥተው ሸኙት። ደሙን እንኳ አላዩም።

በሦስተኛው ቀን ከዲሮን ሁለት ሰው ደግፎ አመጣው። ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ኦጎልቾ ወርጄ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«አንተ ደስ ባለህ ቀን ጻፈው!»

ጻፉት። ደሙን ቢያዩት ወባ ሞልቶታል። ክሎሮኪን ሰጡት፣ ዳነ። ዳነና አፉን መች ዘጋ። በሳምንቱ ቡርቂቱ በሙሉ ኦጎልቾ ያላለ ክኒን እንደማያገኝ አወቀ።

በአራት ሳምንት ውስጥ አርባ ሦስት ሰው ኦጎልቾ ወረደ፤ በመዝገብ ማለቴ ነው። ያን ሰሞን መዝገቡን ያየ ሰው ቡርቂቱ ላይ ማን ቀረ ብሎ ይደነግጥ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ደወል ደዋይ ቅዳሜም እሑድም ኦጎልቾ ነበር፤ ደወሉ ግን አንድ ቀን አልታጎለም። የዘጠኝ ቀን አራስ ሳትቀር ኦጎልቾ ወርዳ በርበሬ ሸምታለች። ጋሽ ገብረኪዳን ይህን ሁሉ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው አስፍረው ከሥሩ ፈረሙ።

ከሁሉ የባሰው የእማማ ወለተ ማርያም ነው። እማማ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ዳሌያቸው ከተሰበረ አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው፣ ከአልጋ የማይወርዱ ሴት ናቸው። ትኩሳት ያዛቸው ሲባል ቤታቸው ድረስ ሄድን። ጣታቸውን ወጋሁ፣ ደሙን መስታወቱ ላይ ቀባሁ። ጋሽ ገብረኪዳን መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቆላ የወረዱት መቼ ነው?»

እማማ እኔን አዩኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

«ቅዳሜ» አሉ።

«የት?»

«ኦጎልቾ ነዋ! ገበያው እንዴት ደርቶ ነበር መሰለህ። ሽንኩርቱ ረክሶ፣ ሰዉ እየተጋፋ። አንዲቷማ እግሬን ረግጣኝ አለፈች።»

«በምን ሄዱ?»

«በእግሬ!»

ጻፉት። በእግር ብለው ጻፉት። ደጅ ስንወጣ አልቻልኩም።

«ጋሽ ገብረኪዳን፣ አሁን ይህን አምነው ነው?»

«የኔ ሥራ ሰው የነገረኝን መጻፍ ነው፣ አንቺ ፋናዬ። ማመን የካህን ሥራ ነው።»

ያን ቀን ከልቤ ተናደድኩባቸው። ሰዉን ውሸት ያስተማሩት እሳቸው፣ በውሸቱ ላይ የሚፈርሙት እሳቸው፣ መልሰው እንደ ንጹሕ የሚራመዱትም እሳቸው ናቸው።

መዝገቡ በየአሥራ አምስት ቀኑ አሰላ ይላካል። አሰላ ያለው አለቃም ከመዝገቡ የሚረዳው ቡርቂቱ ላይ ወባ አለመኖሩን፣ ገበያ የሚወድ ሰው ግን መብዛቱን ነው። ስለዚህ የክኒን ኮታችን አልጨመረም፣ የዲዲቲ መኪናም አልታዘዘልንም። የተላከልን መልስ «ሕዝቡ ወደ ቆላ እንዳያዘወትር ቅስቀሳ ይካሄድ» ይላል። ከዲሮ ስብሰባ ጠርቶ ይህንኑ አነበበልን፤ ማንም ሳይስቅ ተበተነ።

ኅዳር ሲገባ የከዲሮ ሚስት ኢፍቱ ታመመች። የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ወባ እርጉዝ ስትይዝ እናትም ልጅም ትወስዳለች። ብልቃጡ ውስጥ የቀሩት አራት ክኒኖች ነበሩ፤ የመጀመሪያ ቀኗን ሰጠኋት። ለነገና ለከነገ ወዲያ ስድስት ያስፈልጋሉ፣ ከየትም አይገኙም። ኢፍቱ አግዳሚው ላይ ተኝታ፣ ከዲሮ እግሯን ይዞ ተቀምጦ ሳለ ጋሽ ገብረኪዳን በሁለት ሹራብና በጋቢ ተጀቡነው ገቡ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

ጣታቸውን ራሳቸው ወጉ። ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍተው ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ የኔን ማየት አላስፈለገም፤ ፊታቸው ላይ ተጽፏል።

መዝገቡን ገለጥኩና ብዕሩን አነሣሁ። አልዋሽም፣ ክፋት ነበረብኝ።

«ስም፣ ገብረኪዳን። ዕድሜ፣ አርባ ስምንት። ቆላ የወረዱት መቼ ነው?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆላ አለመውረዳቸውን ቡርቂቱ ላይ የማያውቅ የለም። ከዲሮ አዘነላቸውና «ኦጎልቾ በላት በቃ፤ ማን ይጠይቅሃል?» አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። ኦጎልቾ ካሉ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል፤ ለኢፍቱ ክኒን አይመጣም። አልወረድኩም ካሉ ደግሞ በእጃቸው የጻፉት፣ የፈረሙበት አርባ ሦስት ሰው በሙሉ ውሸት ይሆናል። በዚያ ዘመን ለመንግሥት የሐሰት ሪፖርት መላክ አሻጥር ይባላል፤ ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ የቀረ ሰው እናውቃለን። ፈራሁላቸው። በቀልድ የጀመርኩት ነገር ቆጨኝ፤ ብዕሩን ላስቀምጥ ስል እጄን ያዙኝ።

«አልወረድኩም» አሉ። «ጻፊው። እዚሁ ነው የያዘኝ።»

ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ረገብ ሲልላቸው ከዲሮንና እኔን ይዘው ወደ ኩሬው ሄዱ። ኩሬውን ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ሕዝቡ በዘመቻ የቆፈረው ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ከብቱ እንዳይሞት ተብሎ። ከዲሮ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወደው እሱን ነው። ጋሽ ገብረኪዳን ከዳር፣ የከብት ኮቴ ከጎደጎደው ውሃ በነጭ ጣሳ ቀድተው አሳዩን። ቀጫጭን እጮች ውሃው ላይ ተጋድመዋል።

«የሌላዋ ትንኝ እጭ ራሷን ዘቅዝቃ ነው የምትንጠለጠለው። እንዲህ የምትጋደመው የወባዋ ናት።»

«ኩሬዬ ነው ጥፋተኛው?» አለ ከዲሮ፣ ፊቱ ተለዋውጦ።

«ኩሬ ብቻውን ምን ያደርጋል? ትንኟ ብትኖርም ጀርሙ ሆዷ ውስጥ መብሰል አለበት፤ ለመብሰል ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። ሌሊቱ ከበረደ ሳይበስል ትሞታለች።» ይሄ ገባኝ፤ ቆላ ቶሎ የሚደርስ ጠላ ደጋ ላይ ቀናት ይዘገያል። «ባቄላችሁን ውርጭ ካቃጠለው ስንት ጊዜ ሆነው?»

ከዲሮ በጣቱ ቆጠረ። «በቆሎ መዝራት ከጀመርን አምስተኛ ዓመታችን ነው። ውርጩ የቀረው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው።»

አምስት ዓመት ሙሉ ደጋ ላይ የበቆሎ እሸት በላን እያልን ስንፎክር ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጠብሰን እናቀርባለን። ከበቆሎው ጋር ሌላ ነገርም ዳገቱን እየወጣ መሆኑን ማን ልብ አለ?

«ሁለት ሺህ ሜትሩ ተራራው ላይ የተተከለ ችካል መስሎኝ ነበር» አሉ ጋሽ ገብረኪዳን። «ለካ በዚያን ጊዜ ብርድ ልክ የተነገረ ነው። ብርዱ ሲሸሽ እሱም ይሸሻል። የአንድ ዓመት ሙቀት ምስክር አይሆንም፣ አምስቱን ግን ምን እላለሁ?»

በማግሥቱ በእህል መኪና ተሳፍሬ መዝገቡን አሰላ ወሰድኩ። አለቃው አንብቦ ሳቀ።

«አርባ ሦስት ሰው ወርጃለሁ ሲል አንድ ሰው አልወረድኩም አለ። የማንን ልመን? አምስት ሰው አልወረድኩም ብሎ በጣት አሻራው ያረጋግጥ፤ ያን ጊዜ ክኒኑንም መኪናውንም እልካለሁ።»

ስድስት ክኒን ብቻ ስጠኝ ብዬ ለመንኩት፤ ያለ ኮታ አይሆንም አለኝ። መድኃኒት ቤቶቹን ዞርኩ፣ የለም። እያለቀስኩ ተመለስኩ።

ጠዋት ጋሽ ገብረኪዳን በከዘራ፣ እኔ የአሻራ ቀለሙን ይዤ፣ ቤት ለቤት ጀመርን። ከዲሮ የመጀመሪያው ሆነ። ደወል ደዋዩ፣ አራሷና አንድ አንጥረኛ ተከተሉ። ሌላው ግን ያልሄደበት ኦጎልቾ ላይ ሙጭጭ አለ። ሄጃለሁ፣ ምስክርም አለኝ የሚል ሁሉ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ዋሽተሃል ተብሎ መታሰር አለ። አንድ አሻራ ጎደለን፤ የቀሩት እማማ ወለተ ማርያም ናቸው።

«ሄጃለሁ ብያለሁ፣ ሄጃለሁ» አሉ ገና ሳንቀመጥ።

ጋሽ ገብረኪዳን እየተንቀጠቀጡ ዱካው ላይ ተቀመጡ። «እማማ፣ ከዚህ አልጋ ከወረዱ እኮ አሥራ አንድ ዓመትዎ ነው።»

«አንተ አይደለህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያስዋሸሁዎት።»

እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ገበያው ማሰብ አልተውኩም» አሉ። «በመዝገብህ ላይ እንኳ አንድ ቀን በእግሬ ሄጄ ነበር።»

ጋሽ ገብረኪዳን አንገታቸውን ደፉ።

«የታመመችው ኢፍቱ ናት?» አሉ እማማ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ትጎለታለህ? ሰርዘዋ!» አውራ ጣታቸውን ዘረጉልን።

ያን ዕለት ከሰዓት ከዲሮ ራሱ ወረቀቱን ይዞ አሰላ ገባ፣ ማታውን በክኒን ተመለሰ። አንድ ቀን ቢዘለልም ኢፍቱ ዳነች፤ ጥር ላይ ትንሽ፣ ግን ጩኸቷ ሠፈር የሚቀሰቅስ ሴት ልጅ ወለደች። ጋሽ ገብረኪዳንም ዳኑ፤ አልታሰሩም፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ከዲሮ ኩሬውን አልደፈነም፤ ዳሩን አጠረው፣ ሣሩን አጨደው፣ ከብቱ ከገንዳ እንዲጠጣ አደረገ። እኔ ደግሞ የመዝገቡን የመጨረሻ ዓምድ ሰርዤ «ባለፈው ወር የት አደሩ?» ብዬ ጻፍኩበት።

የዲዲቲ መኪናው የመጣው ክኒኑ በመጣበት ሳምንት፣ ሐሙስ ነው። ቤት ሲረጭ ዕቃም ሰውም ይወጣል። እማማ ወለተ ማርያምን አራት ወንዶች ከነአልጋቸው ተሸክመው ደጅ፣ ቁልቁለቱ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ከታች፣ በጸሐዩ የሚያብለጨልጨውን የኦጎልቾን ቆርቆሮ ብዙ አዩት።

«ገብረኪዳን፣ ዓይኔ ነው ወይስ ኦጎልቾ ቀርባለች?»

«አይ፣ ዓይንዎ ደህና ነው እማማ» አሉ ጋሽ ገብረኪዳን፣ አጠገባቸው እየተቀመጡ። «ቀርባለች።»